ያልተተኮሰ ሽጉጥ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተላከልኝ። አንዷ ጓደኛዬ «አንብቢው፣ እውነቱን ነው» ብላ ላከችው። የአክስቴ ልጅ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ሦስተኛዋ ምንም አልጻፈችም። ዝም ብላ ላከችው። ይህን ምላሽ የምጽፈው በሦስተኛዋ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው አሜሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ፣ አማርኛቸው የሚጥም ሰው ናቸው። ለታላቅነታቸው አክብሮት አለኝ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸው፦ የባልና ሚስት ጠብ ሌላ፣ ሽጉጥ ሌላ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰፉት መሣሪያ የሚጠሉ ፖለቲከኞች ናቸው። ከዚያ ስድስት ነገር ይደረድራሉ። ሊገድል የቆረጠ ቢላም ይበቃዋል። የፈራች ሴት ራሷ ትታጠቅ። ፍርድ ቤት በአንዲት ሴት ቃል ብቻ የሰው መሣሪያ ይቀማል። ወረቀት ጥይት አያቆምም። ሕዝብ ላይ የሚተኩሱ እብዶችና የቤት ጠብ አይገናኙም። በመጨረሻም፣ እኛ ሽማግሌ አለን።

እሳቸው በሄዱበት መንገድ እሄዳለሁ። አንዱ ላይ ልክ ናቸው፤ እሱንም አልደብቅም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሊገድል የቆረጠ ቢላም ይበቃዋል»

ነገሩ ያለው «የቆረጠ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ገዳይ ሁሉ ቀድሞ ቆርጦ፣ አስቦበት የሚነሳ ይመስላቸዋል። ሁሉም እንዲያ አይደለም። ምሽት ነው። መጠጥ አለ። ስልክ ተፈትሿል። «ትቼህ እሄዳለሁ» ተብሏል። በዚያች ደቂቃ እጅ ምን ላይ ያርፋል? ቢላ መጠጋት ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል። በሩን ከፍታ የሮጠችውን አይደርስባትም። ልጅ ይጮኻል፣ ጎረቤት ያንኳኳል፣ ሰውየው ራሱ ደም ሲያይ ይደነግጣል። ሽጉጥ ይህን ሁሉ ዕድል ይዘጋዋል። የአንድ ጣት ሥራ ነው።

በ1992 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ነበር። በአትላንታ ከተማ በቤተሰብና በፍቅረኛሞች መካከል የደረሱ ጥቃቶችን መረመረ። መሣሪያ የገባበት ጥቃት ካልገባበት ይልቅ በ12 እጥፍ ለሞት ይዳርግ ነበር። ጠቡ ያው ጠብ፣ ሰዎቹም ያው ሰዎች፤ የተለየው እጅ ላይ የነበረው ነው። በ2003 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዋ ነርስና ተመራማሪ ዣክሊን ካምቤል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ11 ከተሞች በባል ወይም በፍቅረኛ የተገደሉ ሴቶችን፣ ተደብድበው ግን በሕይወት ከተረፉ ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። ደብዳቢው መሣሪያ በእጁ ሲኖር የመገደል አደጋው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኚህ ሴት ያዘጋጁት የአደጋ መመዘኛ መጠይቅም አለ። «ሽጉጥ አለው?» ይላል። «አንቆሽ ያውቃል?» ይላል። «ባለፈው ዓመት ትተሽው ወጥተሽ ነበር?» ይላል። የእኛ አገር ሴት ብትጠየቅ ሦስቱንም ለመመለስ አስተርጓሚ እንጂ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ግን ጸሐፊው የዘለሉት ትልቁ ነገር ይህም አይደለም። እሳቸው የሚቆጥሩት የተተኮሰውን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሽጉጥ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ሳይተኮስ ነው።

ሦስተኛዋ ሴት ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠራም። ባሏ እራት ሲቀርብ ሽጉጡን ከወገቡ ያወጣል። ከትሪው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ከሚጥሚጣው ቀጥሎ፣ አፈሙዙን ወደ እሷ አዙሮ። ከዚያ ቆርሶ ይበላል። ያጎርሳታልም። «ዛሬ ማን ጋ ደወልሽ?» ይላታል፣ በረጋ ድምፅ። እሷም አፏ ሙሉ እንደሆነ ትመልሳለች። አራት ዓመት እንዲህ በልተዋል።

ባሏ እንዳይደርስባት ፍርድ ቤት የሚያወጣውን የጥበቃ ትዕዛዝ መጠየቂያ ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። «አስፈራርቶሽ ያውቃል?» የሚለው ጋ ስንደርስ «አላስፈራራኝም» አለች። «ታዲያ ምን አደረገ?» ስላት «አስቀመጠው» አለችኝ። አልዋሸችም። በአማርኛችን ዛቻ አፍ ይፈልጋል። ዛተ ለማለት የሆነ ቃል መውጣት አለበት። እሱ ደግሞ ቃል አላወጣም፤ ብረት ነው ያወጣው።

በ2016 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 4.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች በባል ወይም በፍቅረኛ በሽጉጥ ተዝቶባቸው እንደሚያውቅ ይገምታል። አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት ደግሞ ተተኩሶባቸዋል፤ የተመቱም አሉ፣ የተሳቱም አሉ። «አላስፈራራኝም» የምትለዋን ማን እንደሚቆጥራት እንጃ።

«የፈራች ሴት ራሷ ትታጠቅ»

ለዚህ አጭር መልስ ይበቃል። ነገሩ የሌባ ቢሆን እንነጋገርበት ነበር። ሌባ በመስኮት ይገባል። ባል ግን ቁልፍ አለው። የት እንደምታስቀምጠው ያውቃል፤ መቼ እንደምትተኛም ያውቃል። ለዚያ ቤት ሁለተኛ ሽጉጥ መግዛት ለእሱ ሁለተኛ ሽጉጥ መጨመር ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2022 ያወጡትን ጥናት ጸሐፊው ቢያዩት ደስ ይለኛል። በካሊፎርኒያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ራሳቸው ሽጉጥ የሌላቸው፣ ግን ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አዋቂዎች፣ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው ጥይት የመሞታቸው አደጋ ሽጉጥ በሌለበት ቤት ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ነበር። እንዲህ ከሞቱት 84 በመቶው ሴቶች ናቸው። ለቤተሰቤ ጥበቃ ብዬ ነው የገዛሁት ለሚል አባወራ ይህ የሚመች ቁጥር አይደለም።

«በአንዲት ሴት ቃል ብቻ»

ይህን ሳነብ ጸሐፊው እነዚህ ችሎቶች ደጅ ደርሰው እንደማያውቁ ገባኝ። እንኳንም አልደረሱ።

በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጥበቃ ትዕዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ነገር ግን ትዕዛዙ ሰውየው ተነግሮት፣ ቀርቦ የመናገር ዕድል ካገኘበት ችሎት በኋላ የወጣ መሆን አለበት። እሱ በሌለበት በእሷ ቃል የሚሰጠው ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይህን የፌዴራል ክልከላ አያመጣም። በ1996 የኒው ጀርሲው ሴናተር ፍራንክ ላውተንበርግ ያመጡት ማሻሻያ ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትን ይመለከታል፤ ወንጀሉ ቀላል ከሚባሉት ቢሆንም። ያ ፍርድ ነው። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ነው።

የግዛቶች ሕግ ይለያያል። ብዙዎቻችን ባለንበት በሜሪላንድ ዳኛው በጊዜያዊ ትዕዛዝም መሣሪያ እንዲያስረክብ ማዘዝ ይችላል። ግን ሰውየው መሣሪያ ተጠቅሟል፣ ወይም በመሣሪያ ዝቷል፣ ወይም ከባድ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ዝቷል የሚያሰኝ ነገር ሲኖር ነው። ትዕዛዙ በደረሰው በሰባት ቀን ውስጥም ዋናው ችሎት ይቀጠራል። ሰባት ቀን ያለ ሽጉጥ መኖር ይቻላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬያለሁ።

«ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» የሚለው ደግሞ መልስ አግኝቷል። የራሂሚ ጉዳይ ይባላል። ቴክሳስ ነው። በታኅሣሥ 2019 ራሂሚ የተባለ ወጣት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፍቅረኛውን ጎትቶ ወደ መኪናው ገፈተራት፤ ጭንቅላቷ ተመታ። የሚያይ ሰው እንዳለ ሲገባው ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ። ቆይቶም ደውሎ ለሰው ብትናገር እንደሚተኩስባት ነገራት። በ2020 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤት የጥበቃ ትዕዛዝ አወጣበት። ከዚያ በኋላ በአምስት የተለያዩ ተኩሶች ተጠረጠረ። አንደኛው በርገር ቤት ነው፤ የጓደኛው ካርድ እምቢ ስላለ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ መሣሪያዎቹንም የትዕዛዙን ቅጂም አገኘ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የታየው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በፍቅረኛው ላይ ነው። ጎዳና ላይ የተኮሰው በኋላ ነው።

አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 ሻረው፤ ስምንት ለአንድ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ናቸው፤ የተቃወሙት ክላረንስ ቶማስ ብቻ ናቸው። ይህ ጠመንጃ የሚጠላ ችሎት አይደለም። በ2022 መሣሪያ የመያዝን መብት ያሰፋው ያው ፍርድ ቤት ነው።

ጸሐፊው «ለወረቀት ብለው ነው የሚከሱት» ይላሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለታቸው ነው። ይህ ወሬ በየሰርጉና በየለቅሶው አለ፤ እስቲ እንየው። በዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ባለው ባል የተጎዳች ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ራሷ እንድታመለክት የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1994 ነው። የወጣበትም ምክንያት ባሎች «ወረቀትሽን እቀድደዋለሁ» እያሉ ስለሚያስሩ ነው። ለእሱ የጥበቃ ትዕዛዝ ግዴታ አይደለም። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠው ዩ ቪዛ የሚባለው ደግሞ የፖሊስ ወይም የዐቃቤ ሕግ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ነው፣ ወረፋውም የዓመታት ነው። አቋራጭ የሚፈልግ ሰው በዚህ አይሄድም።

እኔ የማየው ግልባጩን ነው። ከ1996 ወዲህ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት፣ ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሊባረር ይችላል። የጥበቃ ትዕዛዝን ዛቻ ወይም ጥቃት የሚከለክለውን ክፍል የጣሰም እንዲሁ። ሴቶቻችን ይህን ያውቃሉ። «ልጆቼን አባት አላሳጣም» ብለው 911 ሳይደውሉ የቀሩትን ጸሐፊው አልቆጠሩም። መደወል የምትፈልግ ካለች፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ብሔራዊ መስመር 1-800-799-7233 ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ «አማርኛ» ማለት ይበቃል።

«ወረቀት ጥይት አያቆምም»

እዚህ ላይ ልክ ናቸው። እንዲያውም ካሉት ይብሳል።

በኮሎራዶ ካስል ሮክ የምትባል ከተማ አለች። በሰኔ 1999 አንዲት እናት በባሏ ላይ የጥበቃ ትዕዛዝ ነበራት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ሦስት ሴት ልጆቿን ከደጅ ይዞ ሄደ። ለፖሊስ ደወለች። ጠብቂ አሏት። ደግማ ደወለች፤ እንደገና ጠብቂ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ራሷ ጣቢያ ሄደች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ሰውየው ራሱ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ተኩስ ከፈተ፤ እዚያው ተገደለ። ሦስቱ ልጆች መኪናው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2005 ፍርድ ቤቱ፣ ትዕዛዙን ፖሊስ እንዲያስፈጽምላት ሕገ መንግሥቱ መብት አይሰጣትም አለ። ሰባት ለሁለት።

ይህን ታሪክ ጸሐፊው ያነሱት ወረቀቱ ከንቱ ነው ለማለት ነው። አንድ ነገር ግን ትተዋል። ሰውየው የተኮሰበትን ሽጉጥ የገዛው በዚያው ምሽት ነው። ትዕዛዝ እያለበት፣ ፈቃድ ካለው ሻጭ። ወረቀቱ የተሸነፈው ወረቀት ስለሆነ ሳይሆን ሽያጩ ላይ የሚያግደው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እንጣለው ወይስ ወረቀቱ ብረቱንም እንዲሰበስብ እናድርግ?

ልዩነቱ ተለክቷል። በ2018 የወጣ ጥናት የግዛቶችን ሕግ ለዓመታት አነጻጽሮ፣ ትዕዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያውን እንዲያስረክብ የሚያስገድዱ ሕጎች ባሉበት በትዳርና በፍቅር ጓደኛ የሚፈጸም ግድያ በ12 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ ሰውየው በ24 ሰዓት ውስጥ መሣሪያውን ማስረከብ፣ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ አለበት፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ይህን ማድረጉን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ሜሪላንድ ውስጥ የመጨረሻው ትዕዛዝ ማስረከብን ይጨምራል።

ወደ ሦስተኛዋ ሴት ልመለስ። ትዕዛዙ ሲወጣ ሽጉጡን ሊወስዱ ፖሊሶች መጡ። ሁለት ይዘው ወጡ። እሷ የምታውቀው አንዱን ነበር።

«ሕዝብ ላይ የሚተኩሰው ሌላ እብድ ነው»

በኅዳር 2017 ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ የቴክሳስ መንደር አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ምእመናኑ ላይ ተኮሰ። ያልተወለደውን ጽንስ ጨምሮ 26 ሰው ሞተ። ሰውየው ቀድሞ በአየር ኃይል ውስጥ እያለ በ2012 ሚስቱንና ትንሹን የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። በላውተንበርግ ሕግ ሽጉጥ መግዛት አይችልም። አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ለኤፍቢአይ አላስተላለፈም። መሣሪያ ሲገዛ የሚደረገውን የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ አልፎ ገዛ። ቤተ ክርስቲያኑም ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም፤ የሁለተኛ ሚስቱ እናት የምትሄድበት ነው። በ2022 አንድ የፌዴራል ዳኛ መንግሥት ለተጎጂዎች ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ።

ይህ አንድ ሰው ነው ቢባል፣ በ2021 የወጣ ጥናት ከ2014 እስከ 2019 አራትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተባቸውን ተኩሶች አይቷል። ከ68 በመቶው በላይ በሆኑት ተኳሹ ወይ የቤተሰቡን አባል ወይም የፍቅር ጓደኛውን ገድሏል፣ ወይ የቤት ውስጥ ጥቃት ታሪክ ነበረው። «እብድ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ብዙ ጊዜ ቀድማ ያወቀችው አንዲት ሴት አለች፤ የሰማት የለም እንጂ።

«እኛ ሽማግሌ አለን»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ስለ አባታቸው ጠመንጃ ይጽፋሉ። ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። እኔም አያቴ ቤት ምንሽር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ለጥምቀት ይወርዳል፣ ለለቅሶ ይወርዳል። ማን ምን እንዳለው፣ ስንት ጥይት እንደቀረው መንደሩ ያውቃል። አያቴ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ወንዱ አያቴ ጠላ ቤት ውሎ ሲመጣ ዘፈኑን ከሩቅ ትሰማለች። ሳይደርስ ምንሽሩን አውርዳ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በጓሮ በኩል ጎረቤት ታስቀምጠዋለች። ጎረቤትየዋ ምንም ሳትጠይቅ ትቀበላታለች። ጠዋት ይመለሳል። ማንም ስለ ጉዳዩ አያወራም። ጸሐፊው የፈረንጅ ሕግ የሚሉትን አያቴ ሳትማር በነጠላ ትሠራው ነበር።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አፓርታማ የአልጋ ራስጌ ያለውን ሽጉጥ ግን የትኛው ጎረቤት ያውቀዋል? ግድግዳ የሚጋራንን ሰው ስም እንኳ አናውቅም።

ሽምግልናውስ? ሦስተኛዋ ሴት ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። እኔ ቡና አፈላ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ስለ ገንዘብ ጠየቁ። ስለ እናቱ ጠየቁ። ስልኳ ለምን ቁልፍ እንዳለው ጠየቁ። ስለ ንስሐ አባት፣ ስለ ልጆቹ አማርኛ ሳይቀር ተነሳ። ለሁሉም «እሺ አባቴ» አለች። አንድም ቃል አልመለሰችም። አንደኛው ሽማግሌ ሲወጡ «ጨዋ ልጅ ናት፣ ታርቀዋል» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ከወራት በኋላ እውነቱን ስሰማ እኚያው ሰው ጋ ደወልኩ። «ማን ነገረን?» አሉ። «ጠይቃችኋታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ይህ እንዴት ይጠየቃል ልጄ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

ሽጉጡ በዚያን ዕለት መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው ደጅ ቆሟል። ቁልፉን ሲገባ ከኪሱ አውጥቶ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦታል፤ እኔ ራሴ ስኒ ሳነሳ ገፋ አድርጌዋለሁ። «እነሱ ቆመው ሲመርቁን» አለችኝ፣ «እኔ አሜን የምለው ቁልፉን እያየሁ ነበር።»